«ኮድ አላውቅም፣ ስዕልም አልችልም»፦ የተግባር የዌብ ዲዛይን ኮርስ ከተማሪ ምን ይጠብቃል?

ጥያቄ፦ «ኮሌጅ ውስጥ የዌብ ዲዛይን ኮርስ ተመዝግቤያለሁ። ሊጀመር 2 ሳምንት ቀርቶታል። የኮርሱ መግለጫ ‹ሙሉ በሙሉ በተግባር› ይላል። የጽሑፍ ፈተናው ትንሽ ነው፣ ዋናው ነጥብ ያለው ፕሮጀክት ላይ ነው። ኮድ ጽፌ አላውቅም። ስዕልም አልችልም፣ ከኛ ቤት የምትስለው እህቴ ናት። መምህሩ ከኔ ምን ይጠብቃል? ኤአይ ብጠቀምስ ችግር አለው? ላፕቶፔም አሮጌ ናት።»

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ፈገግ አልኩ። ይህን ኮርስ ለዓመታት አስተምሬያለሁ። የመጀመሪያው ቀን ክፍል ስገባ የግማሹ ተማሪ ፊት ላይ የማነበው ይሄንኑ ነው። ስለዚህ ከአራሚው ወንበር ሆኜ ልመልስልሽ። ያንቺ መምህር የራሱ ደንብ ይኖረዋል። የኔና የሱ ከተጋጨ የሱን ያዢ፤ ነጥብ የሚሰጥሽ እሱ ነው።

ዋናውን ላስቀድም። ብዙ ተማሪ መምህሩ የሚያምር ገጽ የሚፈልግ ይመስለዋል። እኔ የምፈልገው ተማሪው በደንብ የሚያውቀውን ገጽ ነው። ፕሮጀክትሽን ይዘሽ ስትመጪ ወንበር ስቤ አጠገብሽ እቀመጣለሁ። ከኮድሽ አንዱ መስመር ላይ ጣቴን አሳርፍና «ይሄ ባይኖር ምን ይሆናል?» እላለሁ። ብትመልሺልኝ ጥሩ። «እርግጠኛ አይደለሁም፣ ቆይ ላጥፋውና እንየው» ብትዪኝ ደግሞ እንዲያውም ይበልጥ ደስ ይለኛል። ዝም ካልሽ ግን ገጹ የቱንም ያህል ቢያምር ሁለታችንም ችግር ውስጥ ነን።

ስዕሉን እርሺው። ወረቀት ላይ ሳጥን መሳል ከቻልሽ ይበቃል። ከላይ ረጅም ሳጥን፣ ሎጎና ሜኑ የሚቀመጥበት። ከሥሩ ለዋናው ጽሑፍ ሰፊ ሳጥን። ከታች ደግሞ አድራሻ። ይሄን ዋየርፍሬም ይሉታል። መስመሩ ቀጥ ካላለልሽ ማስመሪያ ተጠቀሚ። የሚታየው የስዕሉ ውበት አይደለም፣ «ሰው መጀመሪያ ምን ያያል? ቀጥሎስ ወዴት ይሄዳል?» የሚለውን ማሰብሽ ነው። ከራሴ ተማሪዎች እንዳየሁት በዚህ በኩል በጣም የሚቸገሩት እንዲያውም መሳል የሚችሉት ናቸው። ፖስተር ሠርተው ያመጡና ስክሪኑ ሲጠብ ምን እንደሚሆን ግራ ይገባቸዋል። ፖስተር ስፋቱ አይቀየርም፣ ድረ ገጽ ግን በየሰዉ ስክሪን ልክ ይቀየራል።

ኮዱም ቢሆን እንደምትፈሪው አይደለም። መጀመሪያ የምትማሪው ኤችቲኤምኤልን ነው። እሱ ጽሑፍ ላይ ምልክት ማድረግ ማለት ነው፤ ይሄ ርዕስ ነው፣ ይሄ አንቀጽ ነው፣ ይሄ ደግሞ ሲጫኑት ወደ ሌላ ገጽ ይወስዳል። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1989 ሰርን በሚባለው የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ተቋም ውስጥ የዌብን ሐሳብ ሲያቀርብ የፈለገው ተመራማሪዎች መረጃ የሚጋሩበትን መንገድ ነበር። በ1991 ለሕዝብ የተከፈተው የመጀመሪያው ድረ ገጽም ጽሑፍና ሊንክ ብቻ ነበር። ቀለሙን፣ ክፍተቱንና አቀማመጡን የሚይዘው ሲኤስኤስ በሐሳብ ደረጃ የቀረበው በ1994 ነው፣ እንደ ደረጃ የጸደቀው በ1996። ኮርስሽም በአብዛኛው ይሄንኑ ቅደም ተከተል ይከተላል። አጥንቱ ይቀድማል፣ ልብሱ ይከተላል። ኤችቲኤምኤሉ ሳይስተካከል ቀለም መቀባት የጀመረ ተማሪ ሴሚስተሩ እስኪያልቅ ሲያፈርስና ሲገነባ ይከርማል።

ሒሳብስ ካልሽ፣ መደመር፣ ማካፈልና ፐርሰንት ካወቅሽ ይበቃል።

አሁን ብዙ ሰው የማይነግርሽን ልንገርሽ። ብሮውዘር የዋህ ነገር ነው። ስህተት ሲያይ አይጮህም፣ እንደ ምንም ገምቶ ገጹን ይከፍተዋል። የደማቅ ጽሑፍ ታግ (የኤችቲኤምኤል ምልክት) ከፍተሽ መዝጋት ብትረሺ ማስጠንቀቂያ አይመጣልሽም። ከዚያ ወዲያ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ይደምቃል፣ በቃ። ሲኤስኤስ ደግሞ የማይገባውን መስመር ድምፁን አጥፍቶ ይዘለዋል። በአንድ መስመር መጨረሻ ላይ ሴሚኮለን ከረሳሽ ያ መስመርና ቀጥሎ ያለው ተጣብቀው ሁለቱም ይቀራሉ። ተማሪው ታዲያ ሰዓቱን ሙሉ ሁለተኛውን መስመር ሲያፈጥበት ይውላል። ሁለተኛው ምንም አልበደለም፣ ጥፋቱ ያለው ከላዩ ነው። ገጹን የሚያንቀሳቅሰው የፕሮግራም ቋንቋ ጃቫስክሪፕት ደግሞ በተቃራኒው ኩርፊያ ያበዛል። በአንዲት ቅንፍ ግድፈት ሙሉው ፋይል አልሠራም ሊል ይችላል።

ለዚህ ነው በተግባር ኮርስ ውስጥ ስህተት መፈለግ ራሱ ዋናው ትምህርት የሚሆነው። ጽፈሽ ከምታጠፊው ጊዜ ይልቅ «ለምን አልሠራም?» ብለሽ የምታጠፊው ሊበልጥ ይችላል። ሲበልጥ ደካማ ነኝ ብለሽ እንዳታስቢ፤ ሥራው እንደዚህ ነው። ሁለት መሣሪያ ከመጀመሪያው ሳምንት ልመጂ። አንዱ ብሮውዘሩ ውስጥ ያለው የዴቨሎፐር መሣሪያ ነው። በአብዛኛው ኮምፒውተር ላይ ኤፍ12ን ስትጫኚ ይከፈታል። የትኛው የሲኤስኤስ መስመር እንደሠራ፣ የትኛው እንደተሰረዘ ቁልጭ አድርጎ ያሳይሻል። ሁለተኛው ደብልዩ ስሪ ሲ የሚባለው የዌብ ደረጃ አውጪ ድርጅት በነጻ ያቀረበው ቫሊዴተር ነው። ብሮውዘሩ በየዋህነት ያለፈልሽን እሱ በመስመር ቁጥር ያወጣልሻል።

ከዚያ በኋላ መምህሩን ጠይቂ። መጠየቅ ነውር አይደለም፣ ግን አጠያየቅ አለው። «መምህር፣ አይሠራም» ብትዪኝ ምን ልበልሽ? «ሜኑው በስልክ ስፋት ሲሆን ሁለት መስመር ላይ ይወድቃል። ፍሌክስቦክስ የሚባለውን የሲኤስኤስ አቀማመጥ ሞክሬ ነበር፣ ሊንኮቹ ተጨናነቁ» ብትዪኝ ግን ግማሹን መንገድ ሄደሽልኛል። እንዲህ ጥያቄያቸውን ለማስተካከል ሲሉ ሐሳባቸውን ሰብሰብ ሲያደርጉ መልሱን ራሳቸው ያገኙ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። እጃቸውን አንሥተው «ኧረ ተዉት፣ አገኘሁት» ይላሉ።

ፋይልና ፎልደር ላይ ትንሽ ልቆይ። እንደ ቀልድ የሚታይ፣ ግን ፕሮጀክት የሚገድል ነገር ነው። አንድ ተማሪ ነበረኝ፣ ጎበዝ ልጅ። የማቅረቢያው ቀን ደረሰ። ሥራውን ኢንተርኔት ላይ ጭኖት በክፍሉ ኮምፒውተር ሲከፍተው አንድም ፎቶ የለም። በየቦታው ባዶ ሳጥን ብቻ። «የኔ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል!» አለ። እውነቱን ነበር። የፎቶዎቹ አድራሻ የተጻፈው ወደራሱ ዴስክቶፕ ነበር። የሌላ ሰው ኮምፒውተር የሱን ዴስክቶፕ ከየት ያመጣዋል? በሌላ ዓመት ደግሞ የሌላዋ ተማሪ ፎቶ ጠፋ። የፋይሉ ስም በትልቅ የላቲን ፊደል ይጀምራል፣ ኮዱ ውስጥ በትንሹ ጽፋዋለች። ዊንዶውስ በተለምዶ ሁለቱን አይለይም። አብዛኛው ሰርቨር (ድረ ገጹን ለጎብኚ የሚያቀርበው ኮምፒውተር) የሚሠራው ግን ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት ነው፤ ለሱ ሁለቱ የተለያዩ ፋይሎች ናቸው።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ልማድ አድርጊው። ፕሮጀክቱ በአንድ ፎልደር ይሁን፣ ፎቶዎቹም እዚያው ውስጥ በራሳቸው ፎልደር። የፋይል ስም በትንንሽ የላቲን ፊደላት፣ ያለ ክፍት ቦታ። የመጀመሪያው ገጽ ስም ኢንዴክስ ይሁን፤ ሰርቨሮች በተለምዶ የሚፈልጉት እሱን ነው። ገጹ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አጻጻፍ ኮድ መሆኑን የሚናገረውን መስመር ከገጹ ራስ ላይ አትርሺ፤ አለዚያ የአማርኛው ጽሑፍ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ደግሞ ሥራሽን በጊዜ ኢንተርኔት ላይ ጫኚ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ ያለው ገጽ ቢሆንም ጫኚው። ከዚያ በስልክሽ ክፈቺው። የማስረከቢያው ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጭን ተማሪ ሲጸልይ ያድራል።

«የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» የሚሉ ፎልደሮች መደርደርም ይቅርብሽ። ለዚህ ጊት የሚባል ፕሮግራም አለ። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሠራው ለሊኑክስ ፕሮጀክት ነበር፣ ዛሬ ግን የሙያው ሰው ሁሉ የሚጠቀመው ነው። በየደረጃው የሥራሽን ቅጂ ከነማስታወሻው ያስቀምጣል። ስታበላሺ ትናንት ወደነበረበት ትመለሻለሽ። የቡድን ሥራ ካለ ደግሞ ማን ምን እንደሠራ ያሳያል። ይሄ ለአንዳንዱ ደስ አይልም። እኔ ግን የቡድን ፕሮጀክት ሳርም መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። አምስት ስም ተጽፎ ሥራው ሁሉ የአንድ ሰው ሆኖ ሳገኘው ሌሎቹን አራቱን ወደ ወንበሬ እጠራለሁ።

ጊዜሽን አስቢበት። በብዙ ኮሌጅ የተለመደው ስሌት ለአንድ የክፍል ሰዓት ሁለት ሰዓት የግል ሥራ ነው። በተግባር ኮርስ ይሄ ስሌት ቀልድ አይደለም። ቅዳሜን ሙሉ ከመቀመጥ በየቀኑ 45 ደቂቃ ይሻላል። ትናንት ያበደብሽን ስህተት ጠዋት ስታዪው በሁለት ደቂቃ ይፈታል። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ግን ሁሌም እንደዚያ ነው። ከክፍል መቅረትም እዚህ ዋጋው ይከብዳል። የንድፈ ሐሳብ ትምህርት ከጓደኛ ደብተር ይቀዳል። መምህሩ ትከሻሽ ላይ ሆኖ «እዚች ጋ ተይ፣ ተመልሰሽ እዪው» ያለው ግን ከማንም ደብተር አይገኝም።

ገጽሽ ውስጥ የሚገባው ጽሑፍ እውነተኛ ይሁን። ብዙ ሰው ሎረም ኢፕሰም የሚባለውን ትርጉም የለሽ የመሙያ ጽሑፍ ያስገባና በዚያ ላይ ያስጌጣል። ከዚያ እውነተኛው ጽሑፍ ሲመጣ ርዕሱ ሦስት መስመር ይሆናል፣ ስሙ ከሳጥኑ ያልፋል፣ ሁሉም ይፈርሳል። መጀመሪያ ይዘቱን ሰብስቢ። ለማን ነው የምትሠሪው? ያ ሰው ምን ፈልጎ ይመጣል? እነዚህን በአንድ ገጽ ጽፈሽ ብታመጪልኝ ግማሽ ፕሮጀክት እንደሠራሽ እቆጥረዋለሁ።

ሥራን ለክፍሉ ማቅረብና ትችት መስማትም ከሚጠበቅብሽ ውስጥ ነው። ይሄ ብዙዎችን ያስፈራል። ስትሰሚ አትከራከሪ፣ ጻፊ። «ቁልፉን አላየሁትም» ያለሽ ሰው ልክ ነው፣ ምክንያቱም አላየውም። «እዚህ ጋ እኮ አለ» ብለሽ ብትጠቁሚው ምንም አይጠቅምሽም። እውነተኛው ጎብኚ ገጹን ሲከፍት አንቺ ከጎኑ ቆመሽ አትጠቁሚለትም። የሌላውን ሥራ ስትተቺም «ያምራል» አትበዪ። እሱ አስተያየት ሳይሆን ሰላምታ ነው። ምን እንደፈለግሽ፣ የት እንዳጣሽው ንገሪው።

ሳርም ምን ምን እንደማደርግ ልንገርሽ፤ ብዙ መምህር ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል። መጀመሪያ መስኮቱን እስከ 320 ፒክስል አጠበዋለሁ። ወደ ጎን መንሸራተት ከጀመረ ነጥብ ይቀነሳል። ዲዛይነሩ ኢታን ማርኮት እ.ኤ.አ. በ2010 «ሪስፖንሲቭ ዌብ ዲዛይን» የሚለውን ስም ካወጣለት ጀምሮ አንድ ገጽ በየስክሪኑ ልክ መታጠፉ የሙያው መነሻ ሆኗል። ገጹ በስልኩ ስፋት እንዲከፈት የምታዘውን፣ የቪውፖርት መስመር የምትባለውን ከገጹ ራስ ላይ ከረሳሽ ስልክ ገጹን እንደ ሰፊ ስክሪን፣ ብዙ ጊዜ በ980 ፒክስል ስፋት ያስበውና ሁሉንም ያሳንሰዋል። ጽሑፉ ጉንዳን ያክላል።

ቀጥሎ ማውሱን እገፋውና በታብ ቁልፍ ብቻ ገጹን ለመጠቀም እሞክራለሁ። ማውስ መጠቀም የማይችሉ ሰዎች አሉ። የት እንደደረስኩ ካልታየኝ ወይም ሜኑው ውስጥ መግባት ካቃተኝ አስተያየት እጽፋለሁ። ከዚያ ቀለም። የዌብ ተደራሽነት መመሪያው ለተራ ጽሑፍ በጽሑፉና በጀርባው ቀለም መካከል ቢያንስ 4.5 ለ 1 የሆነ የድምቀት ልዩነት ይጠይቃል፣ ለትልቅ ጽሑፍ 3 ለ 1። ነጭ ላይ ፈዛዛ ግራጫ የሚወዱ ተማሪዎች እዚህ ጋ ይጣሉኛል። ልዩነቱን የሚለኩ ነጻ መሣሪያዎች ስላሉ ክርክሩ አጭር ነው። ትርጉም ያለው ፎቶ ሁሉ አልት የሚባለው መግለጫ ይኑረው። ማየት የተሳነው ሰው ስክሪን ሪደሩ የሚያነብለት እሱን ነው። «ፎቶ» ብለሽ ብቻ አትጻፊ፤ ፎቶው ላይ ምን እንዳለ ጻፊ።

የፎቶ ክብደትም አለ። ከስልክሽ የወጣ 4000 በ3000 ፎቶ 12 ሚሊዮን ፒክስል ነው። በገጽሽ ላይ የሚታየው በ800 በ600 ከሆነ የሚያስፈልግሽ 480 ሺህ ነው። ጎብኚሽን ከሚያስፈልገው 25 እጥፍ ፒክስል ታሸክሚዋለሽ። አሳንሺው።

ፎቶን ካነሣን፣ ፍለጋ ላይ ያገኙትን አውርዶ መለጠፍ የለም። ኢንተርኔት ላይ መታየቱ ነጻ አያደርገውም። የራስሽን አንሺ፣ ወይም ክሪኤቲቭ ኮመንስን የመሰለ ፈቃድ ያለውን ፈልጊና ምንጩን አንድ ፋይል ላይ መዝግቢ። ለፎንትም እንዲሁ። ቴምፕሌት አውርዶ ስም ቀይሮ ማስረከብ ደግሞ ኩረጃ ነው። አራሚው ቴምፕሌቶቹን ያውቃቸዋል፤ አንዳንዱን በየዓመቱ ነው የምናገኘው።

ኤአይን በተመለከተ መጀመሪያ የኮርሱን ሲላበስ አንብቢ። ክልክል ከተባለ ክልክል ነው። ከተፈቀደ የኔ ምክር ይሄ ነው። እንዲያስረዳሽ ተጠቀሚበት፣ እንዲሠራልሽ ግን አታድርጊ፤ ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት። «ይሄ መስመር ምን ይሠራል?» ብለሽ ጠይቂው፣ ከዚያ አጥፍተሽ አረጋግጪ። አንዳንዴ በሙሉ ልብ ይሳሳታል፣ ስለዚህ ማረጋገጡ ግድ ነው። ሙሉ ገጽ አስጽፎ የሚመጣ ተማሪ ወንበሬን ስቤ ስቀመጥ ነው የሚታወቀው። «ይሄን ሜኑ ወደ ግራ አምጪልኝ» እላለሁ። የሠራችው ልጅ በ30 ሰከንድ ትቀይረዋለች። ያልሠራችው መጀመሪያ ፋይሉን መፈለግ ትጀምራለች። የተጠቀምሽበትን ቦታ ደግሞ በግልጽ ጻፊ። የነገሩኝን ቀጥቼ አላውቅም።

የማስረከቢያ ቀን ሲደርስ ካላለቀልሽ ያለሽን አስረክቢ። ሦስት ገጽ ታዞ ሁለቱ በትክክል ሠርተው ሦስተኛው ቢጎድል አርመዋለሁ፣ ነጥብም ይኖረዋል። ምን እንደቀረሽና የት እንደተያዝሽ አንድ አንቀጽ ጨምሪበት። በሳምንቱ ዘግይቶ የሚመጣ ፍጹም ሥራ ግን በብዙ ኮርስ ነጥቡ ተቆራርጦ ነው የሚያልቀው።

ላፕቶፕሽን አትፍሪላት። ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስ ተራ የጽሑፍ ፋይሎች ናቸው። አዲስ የሆነ ብሮውዘር የምትከፍትና እንደ ቪኤስ ኮድ ያለ ኤዲተር (የኮድ መጻፊያ ፕሮግራም) የምታስኬድ ከሆነች ትበቃሻለች። ቪኤስ ኮድ ከከበዳት ቀለል ያሉ ኤዲተሮች ሞልተዋል። የሚያስቸግራት የፎቶና የቪዲዮ ማቀናበሪያው ነው፣ ለሱ የኮሌጁን የኮምፒውተር ክፍል ተጠቀሚ። ባክአፕ ግን ያዢ፣ በተለይ አሮጌ ስለሆነች። አንድ ቅጂ ከላፕቶፑ ውጪ ይኑር።

ለቀሩሽ 2 ሳምንታት አንድ የቤት ሥራ ልስጥሽ። የላቲን ኪቦርድ ላይ ሳታዪ መጻፍ ተለማመጂ፣ በተለይ ቅንፎቹንና ሴሚኮለኗን። ከዚያ በየቀኑ የምትከፍቺውን አንድ ድረ ገጽ ምረጪና ዋየርፍሬሙን ወረቀት ላይ ሳዪው፣ አንዴ በስልክ ስፋት፣ አንዴ በኮምፒውተር ስፋት። እህትሽ አጠገብሽ ካለች አትርዳሽ፣ ሳጥን ብቻ ነው። ወረቀቱን ግን ለመጀመሪያው ቀን ይዘሽው ግቢ፤ መምህርሽ ባይጠይቅሽም ሜኑ መሥራት ስትጀምሩ ታወጪዋለሽ።